ጾም የሌለበት ሰንጠረዥ

የምሥራችን አንድ ተራ ቀን የሚያስወጣት ይህን ያህል ነው። ናይሮቢ ውስጥ ከሳውዝ ሲ እስከ መሃል ከተማ በማታቱ ሚኒባስ ሠላሳ ሺሊንግ፤ ዝናብ ካለ ኮንዳው፣ ማለትም ረዳቱ፣ ዓይኑን በጨው ታጥቦ ሃምሳ ይላል። ከከተማ እስከ ሥልጠናው ማዕከል ሌላ አርባ። ለልጇ ለአቢግያ ወተትና ሙዝ፣ አቢግያን ለምትይዘው ልጅ የቀኗ፣ ለስልክ ክሬዲት፣ ለፎቶ ኮፒ። ምሳ ማዕከሉ ስለሚያበላ ከሒሳቡ ወጥቷል፤ ተመስገን ነው። ይህ እንግዲህ በሺሊንግ የሚወጣው ነው። በሥልጠናው ወር ግን በየቀኑ ሌላም ወጪ ነበረባት፤ ሳይገባት «ገባኝ» ማለት። ሲሉት ርካሽ ነው። ማስከፈል የሚጀምረው ቆይቶ ነው።

የምሥራች አዲስ አበባ፣ ጉለሌ፣ ከጴንጤ ቤተሰብ ተወልዳ ያደገች፣ በባዮሎጂ የተመረቀች ሴት ናት። ባሏ ይገዙ በአንድ የእርዳታ ድርጅት ሥራ አግኝቶ ናይሮቢ ሲመጣ ተከትላው መጣች፤ መጥታም ልጅ ወልዳ ቤት ዋለች። ቤት የተቀመጠ ዲግሪ እንዴት እንደሚያሳፍር የደረሰበት ያውቀዋል። ሰው «ምን ትሠሪያለሽ?» ሲላት «ለጊዜው...» ብላ ትጀምርና አትጨርሰውም ነበር። ስለዚህ ዶክተር ብርሃነመስቀል ኪሊማኒ በሚገኘው የምርምር ቢሯቸው በኮንትራት ሲቀጥሯት፣ ደብዳቤውን እንደያዘች የቢሮው ደረጃ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

ሥራው እንዲህ ነው። ሀገር ቤት፣ ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆች በአንዱ ዳር፣ ዓሣ አጥማጆች ማኅበር አቋቁመው በየቀኑ ያወጡትን ይመዝናሉ፤ ቆሮሶ ይህን ያህል ኪሎ፣ አምባዛ ይህን ያህል፣ ሌላውም በየዓይነቱ። የማኅበሩ ሊቀመንበር ጋሽ ወርቁ የአራት ዓመቱን አስገልብጠው ልከዋል። ፕሮጀክቱ ደግሞ በእነዚያው ቀኖች የውኃውን ሙቀት፣ ድፍርስነቱን፣ ጥልቀቱንና በውስጡ ያለውን ኦክስጅን ለክቷል። ጥያቄው አንድ ነበር፤ ዓሣው በዓመት ውስጥ እንዲህ የሚዋዥቀው ለምንድን ነው?

አንድ ዓሣና አንድ ሙቀት ቢሆን ኖሮ በእስክሪብቶም ይሠራል። ዓሣው ብዙ፣ ልኬቱ ብዙ፣ ቀኑም ከሺህ በላይ ሲሆን ግን ጭንቅላት አይችለውም። ለዚህ ነው ቢሮው እንዲህ ያለውን ብዙ ዓምድ ያለው የተፈጥሮ መረጃ ባንድ ላይ መተንተን ወደሚያስተምር የአንድ ወር ሥልጠና የላካት። በፈረንጆቹ 2006፣ መጋቢት ላይ ነበር።

ዘዴውን ለጓደኞቿ ስታስረዳ እንዲህ ትላለች። እሑድ አምልኮ ሲያልቅ የቤተ ክርስቲያኑን ግቢ ከሰገነቱ ላይ ሆናችሁ ተመልከቱ። የሀብታሞቹ ሰፈር የላቪንግተን ሰዎች መኪናቸው አጠገብ፣ የሳውዝ ሲዎቹ በሩ ጋ፣ እዚሁ ያደጉት ወጣቶች እንግሊዝኛና ስዋሂሊ እየቀላቀሉ ዛፉ ሥር። የሚመሳሰል ከመሰሉ ጋር ይቆማል። ዘዴውም ይህንኑ ነው የሚያደርገው። እያንዳንዱን ቀን እንደ አንድ ሰው ይቆጥረውና፣ ዓሣቸው የሚመሳሰል ቀኖችን ወረቀት ላይ አቀራርቦ፣ የማይመሳሰሉትን አራርቆ ያቆማቸዋል። ከዚያ በላዩ ላይ ቀስት ይሰመራል፤ ሙቀት ወደዚህ፣ ድፍርስነት ወደዚያ። ቀስቱ ወደ አንዱ ስብስብ ካመለከተ «እነዚህን ያሰባሰባቸው ይህ ይሆን?» ያሰኛል።

«ይሆን? ነው ያልኩት» ይሉ ነበር አስተማሪዋ ዶክተር አኪኒ፣ ጣታቸውን አንስተው። «ሥዕሉ ማን ከማን ጋር እንደቆመ ይነግራችኋል። ለምን እንደቆመ አይነግራችሁም። እሱን ከክፍሉ ወጥታችሁ ሰው ጠይቁ።»

የምሥራች ይህን ቃል በቃል ጻፈችው። መጻፍና መስማት ግን ለየቅል ናቸው።

ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሁሉ ከእሷ የፈጠኑ ይመስላት ነበር። ኡጋንዳዊው ኮምፒውተሩን እንደ ፒያኖ ይመታዋል። አስተማሪዋ «ትልልቆቹ ቁጥሮች ትንንሾቹን እንዳይውጧቸው መጀመሪያ ምን እናደርጋለን?» ሲሉ ከየአቅጣጫው መልስ ይዘንባል። የምሥራች እንደገባት ሆና ራሷን ትነቀንቃለች። እኔ ዳይፐር ስቀይር እነዚህ ይህን ሁሉ ተማሩ ማለት ነው ትላለች በሆዷ። እንዳትጠየቅ አንገቷን ደፍታ ትጽፋለች።

አጠገቧ የሚቀመጠው አብዱልፈታ የሚባል የሞያሌ ልጅ ነበር። የሰሜን ኬንያን የግጦሽ ሣርና የከብት ገበያ ያጠናል። አንድ ቀን ሰንጠረዡን አየት ስታደርግ፣ ከዝናቡና ከሣሩ ዓይነት ቀጥሎ «ረመዳን» የሚል ዓምድ አገኘች።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ረመዳን ከሆነ አንድ፣ ካልሆነ ዜሮ።»

«አብዱል! ስታቲስቲክስ ውስጥም ትጾማለህ?»

«እኔን ተይኝ፤ ፍየሎቹን ጠይቂያቸው» አለ እየሳቀ። «በረመዳን ገበያ የሚወጣው ፍየልና በሌላ ጊዜ የሚወጣው አንድ መሰለሽ?»

«ሳይንሱን መስጊድ አደረግኸው በለኛ» አለችው። ሁለቱም ሳቁ። እሷ ግን ከልቧ ነበር የናቀችው።

በሦስተኛው ሳምንት የራሷ ሥዕል ወጣላት። እንዴት ያምር ነበር! የየካቲት፣ የመጋቢትና የሚያዝያ ቀኖች፣ ቆሮሶ የሞላባቸው፣ በቀኝ በኩል ተሰባስበዋል። የግንቦት ቀኖች ባዶ እጃቸውን በግራ ጥግ። የሙቀት ቀስት ደግሞ ቀጥ ብሎ ወደ ቀኝ። ኮምፒውተሩ ቀኖቹን እንደ ካርታ ሺህ ጊዜ በውዞ «ይህ በአጋጣሚ የሚሆነው ከሺህ አንዴ ነው» አላት። የምሥራች ነገሩን ወዲያው ተረጎመችው። ውኃው ሲሞቅ ቆሮሶ ሊራባ ወደ ዳር ይወጣል፤ አጥማጆቹ ጠራርገው ያወጡታል፤ በግንቦት ሐይቁ ባዶ ይቀራል። ስለዚህ በእነዚያ ወራት ማጥመድ ይዘጋ።

ለክፍሉ ስታቀርብ ዶክተር አኪኒ ሥዕሉን ረጅም ጊዜ አዩትና፣ «ማነው ይህን ዓሣ የሚበላው?» አሉ።

«ሰው ነዋ!» አለች። ክፍሉ ሳቀ።

«እኔ ያደግሁት ሐይቅ ዳር ነው። እኛ ዘንድ ዓሣ ያልተበላበት ቀን ቀን አይባልም። እናንተስ ጋ?»

«ያው ነው» አለችና ቁጭ አለች።

ያው አልነበረም። ያው እንዳልሆነም ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቃለች። ነገር ግን ጥያቄው እንዳይረዝም፣ ቀጥሎ ስለማታውቀው ነገር እንዳትጠየቅ ቸኮለች። በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ሥዕሉንና አጭር ጽሑፏን ለዶክተር ብርሃነመስቀል በኢሜይል ላከች። ሥልጠናው እስኪያልቅ ብትጠብቅ ማንም አይቆጣትም ነበር። ማን ይጠብቃል፤ «ለጊዜው» ማለት የሰለቻት ሴት!

ከሁለት ቀን በኋላ ዶክተር ብርሃነመስቀል ኪሊማኒ ካሉት የሀበሻ ምግብ ቤቶች በአንዱ ምሳ ጋበዟት። ገና ሳይቀመጡ አስተናጋጇን ጠሯት።

«ሠርክዬ፣ የዓሣ ጉላሽ አለ?»

«ለእርስዎ አይጠፋም ዶክተር።»

«እኔ ጾመኛ ነኝ» አሉ ወደ የምሥራች ዞረው። «ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለካህናቱ ትቼዋለሁ። ቶሎ ካላዘዝን ደግሞ ያልቃል። አዲስ አበባ ቢሆንማ በሁዳዴ አንዲት ቆሮሶ ለማግኘት ግፊያ ነው! ፋሲካ ይለፍ እንጂ ዞር ብሎ የሚያያት የለም።»

ይህን ብለው እጃቸውን ሊታጠቡ ሄዱ።

የምሥራች ምናሌውን እንደያዘች ቀረች። የካቲት፣ መጋቢት፣ ሚያዝያ። ሁዳዴ። ግንቦት ደግሞ ፋሲካ ያለፈበት። ሐይቁ አልነበረም የሚሞላውና የሚጎድለው፤ ገበያው ነበር። ሰው ሥጋና ወተት ሲተው ዓሣ ይፈልጋል፣ አጥማጁ መረቡን ይጥላል። ሰው ሲፈስክ አጥማጁ ጀልባውን አስሮ ይቀመጣል። እሷ ግን ያልተጠመደውን ዓሣ የሌለ ዓሣ አድርጋ ጻፈችው። ትምህርት ቤት እያለች በሁዳዴ የምሳ ዕቃዋን ስትከፍት እንቁላሉን አይተው ልጆቹ «ጴንጤ!» እያሉ ይሸሿት ነበር። ጾም መቼ እንደሚገባ በየዓመቱ በዚያ የምታውቅ ሰው፣ የአራት ዓመት የሀገሯን ዓሣ ስትቆጥር ጾም የሚባል ነገር ትዝ አላላትም!

ዶክተር ብርሃነመስቀል ተመልሰው መጡ፤ ዓሣውም መጣ። እየጎረሱ ነገሯት። ሪፖርቱ ሄዷል፤ የአካባቢው ባለሥልጣኖች በሚቀጥለው ሳምንት ተሰብስበው ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ማጥመድ እንዲዘጋ ሊወስኑ ነው። «ስምሽን ከስሜ ቀጥሎ አድርጌዋለሁ» አሉ። «ኮንትራትሽንም እናራዝመዋለን።»

አሁን ተናገሪ አላት ልቧ።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ ዶክተር» ነው ያለችው። ያለችውን በሰማች ጊዜ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት ወደደች።

በማግሥቱ ስቴጅ የሚሉት የማታቱ ፌርማታ ላይ ቆማ ስትጠብቅ ስልኳ ጮኸ። ጋሽ ወርቁ ነበሩ፤ ከሀገር ቤት፣ በዚያ ውድ ስልክ።

«አለሽ የእኔ ልጅ? ጥናቱ አለቀ ሲሉ ሰማሁ። ጥሩ ነገር ጻፍሽልን አይደል?»

«ጋሽ ወርቁ፣ አይሰማኝም... ሄሎ? ኔትወርክ የለም... ሄሎ?»

«ምነው፣ እኔ እኮ ጥርት አድርጌ እሰማሻለሁ። ለማንኛውም ተባረኪ የእኔ ልጅ፤ ልጅሽን ያሳድግልሽ።»

ጥርት ብሎ ይሰማት ነበር። ስልኩን ዘግታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ኮንዳው «ታውን! ታውን! ማማ፣ ትገቢያለሽ?» ሲላት አልሰማችውም። የገዛ ዓመታቸውን ቆጥረው የላኩላት ሰው ናቸው። ዓመቱን ሙሉ ቤታቸውን የሚያቆምላቸውን ወቅት ልታዘጋባቸው ነው፤ እሳቸው ደግሞ ይመርቋታል። ማታቱ ውስጥ ሻርፗን ፊቷ ላይ ስባ ተቀመጠች፤ የሚያውቃት ሰው ግን አልነበረም።

በሻይ ሰዓት አብዱልፈታን ወደ ጥግ ጠራችው።

«አብዱል፣ የጾሙን ዓምድ እንዴት እንደሠራኸው አሳየኝ።»

«የቱን ጾም?»

«የኦርቶዶክሱን። ሁዳዴን።»

አብዱልፈታን ሻዩ ትን አለው። «ጴንጤዋ የኦርቶዶክስን ጾም ከእስላም ትማር! ያ ረቢ፣ ይሄን ለማን ላውራው?» ፊቷን ሲያይ ግን ሳቁን ገታ። ነገሩን ሁሉ ነገረችው። እሱም ወንበር ስቦ፣ «ስሚ» አላት። «ሙቀቱ በየዓመቱ በወሩ ይመጣል፤ አይንቀሳቀስም። ጾሙ ግን ይንቀሳቀሳል። የእኔ ረመዳን በየዓመቱ እየቀደመ ይመጣል፤ የእናንተ ፋሲካ ደግሞ አንዴ ሚያዝያ ሲገባ፣ አንዴ ሚያዝያ ሲያልቅ ነው። ስለዚህ ሁለቱን መለየት ትችያለሽ። ዓሣው የሚጠፋው ወሩን ተከትሎ ከሆነ ምክንያቱ ሙቀቱ ነው። ፋሲካን ተከትሎ ከሆነ ጾሙ ነው።»

«የናቅሁብህ ዓምድ...» አለች።

«ሂጂ ሥሪ» አላት፤ «ንስሐው በኋላ ይደርሳል።»

የአራቱን ዓመት የፋሲካ ቀን ከኦርቶዶክሷ ጎረቤቷ ከፋናዬ ጠየቀች። ፋናዬ ደስ ብሏት፣ ያልተጠየቀችውንም ጨምራ ነገረቻት፤ ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀኖች ረቡዕና ዓርብም እንኳ አይጾምም። «ምነው፣ ልትመለሺ ነው እንዴ?» አለቻት እያሾፈች። የምሥራች እንደ መሳቅ አደረጋት።

ቅዳሜ ጠዋት አቢግያ እግሯ ሥር በድስት ክዳን እየተጫወተች ሰንጠረዡን ከፈተች። አንድ ዓምድ ጨመረች፤ ጾም ከሆነ አንድ፣ ካልሆነ ዜሮ። ለጾም ቀኖች አረንጓዴ፣ ለሌሎቹ ቀይ ቀለም ሰጠች። ሥዕሉ ወጣ። የጥቅምት ረቡዕና ዓርብ፣ ውኃው ቀዝቃዛ የሆነባቸው እነዚያ ቀኖች፣ ከወራቸው ተነጥለው ሄደው ከሁዳዴ ቀኖች መሃል ቆመዋል። ፋሲካ በቀደመበት ዓመት ቆሮሶው ቀድሞ ጠፍቷል፤ በዘገየበት ዓመት ዘግይቶ። ከዚያ የጾሙን ድርሻ አንስታ የቀረውን ብቻ ደግማ ስታሠራው፣ ያ ሲያኮራት የነበረው የሙቀት ቀስት አጥሮ አጥሮ የክብሪት እንጨት አከለ። አልጠፋም፤ ግን በዚያ ላይ ቆሞ የሰው መረብ አይዘጋም።

ዘዴው አልዋሸም ነበር። ማን ከማን ጋር እንደቆመ በትክክል ነግሯታል። ምክንያቱን በአፉ ያስገባችለት እሷ ናት። ይህን ስታስብ መብራት ጠፋ፤ በስዋሂሊ «ስቲማ!»፣ መብራት! እያሉ የጎረቤት ልጆች በደረጃው ወረዱ። እሷ የጠቆረው ስክሪን ላይ የራሷን ፊት እያየች ቀረች።

ሰኞ ክፍሉ ፊት ቆመች። መጀመሪያ የድሮውን ሥዕል፣ ቀጥሎ አዲሱን አሳየች። ጾም ምን እንደሆነ ነገረቻቸው።

ዶክተር አኪኒ፣ «እኔ ስጠይቅሽ ምን ነበር ያልሽኝ?» አሉ።

«ያው ነው ነበር ያልኩት።»

«ያው እንዳልሆነ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።» ፊቷ እንደ በርበሬ ቀላ። ማንም አልሳቀም፤ ቢስቁላት በተሻላት።

ኡጋንዳዊው ማጨብጨብ ሲጀምር አስተማሪዋ በእጃቸው አስቆሙት። «ሥራው ጥሩ ነው» አሉ። «የመጀመሪያው ሪፖርት ግን አሁን የት ነው ያለው? ይህ ጭብጨባ እዚያ አይሰማም። ሂጂ ደውዪ።»

ኮሪደሩ ላይ ቆማ ለዶክተር ብርሃነመስቀል ደወለች። ነገሩን ሁሉ ነገረቻቸው።

«እኔ እኮ ዓሣውን እየበላሁ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ቁጣው መጣ። «መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ምሳ ላይ።»

«ምሳ ላይ! ታዲያ ዝም ብለሽ በላሽ?»

«አልበላሁም» አለች፤ ይህም መልስ እንዳልሆነ ገባት። «ዝም ብያለሁ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ስብሰባው ነገ ነው። ምን ልበላቸው? እኛ ሐበሾቹ ጾምን ረስተን ነበር ልበል?»

«አዎ ዶክተር። እንደዚያው ይበሉ።»

አሉም። እንዴት እንዳሉት አልነገሯትም፤ ኮንትራት ስለማራዘምም ከዚያ ወዲህ አላነሱም። ስብሰባው ግን ሐይቁን ሳይዘጋ ተነሣ። የመዝጋቱ ሐሳብ ሙሉ በሙሉ አልተረታም፤ ውሳኔው እስከ መስከረም ነው የተቀጠረው። «ዓሣ ያነሰው አጥማጅ ስላነሰ ነው ካላችሁ፣ በጾምና በፍስክ ስንት ጀልባ እንደሚወጣ አምጡና አሳዩን» ብለዋል። እውነታቸውን ነው። ኪሎው ብቻ ዓሣ አለቀ ወይስ ሰው አላጠመደም የሚለውን አይለይም፤ የምሥራች ከመጀመሪያው መጠየቅ የነበረባት ይህንኑ ነበር።

ለጋሽ ወርቁም ደወለች። ስለ ኔትወርኩ የዋሸችውን ሳይቀር ነገረቻቸው። ሰሟት።

«በሁዳዴ ሊዘጉን ነበር?» አሉ።

«አዎ ጋሽ ወርቁ። በእኔ ጥፋት። ማኅበሩ በየቀኑ ስንት ጀልባ እንደሚወጣ ይጽፋል?»

«ጀልባ ማን ይቆጥራል የእኔ ልጅ» አሉ፤ «የሚቀረጠው ዓሣው ነው። እኛ ብንናገርም ለራሳቸው ሲሉ ነው ይሉናል።» ስልኩን ሲዘጉ እንደወትሯቸው አልመረቋትም።

ስለዚህ የምሥራች ይህን ጽሑፍ የምታነቡትን ትለምናለች። ከእናንተ መሃል ከፈረንጆቹ 2002 እስከ 2005 ባለው ጊዜ በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ዳር የኖረ፣ ዓሣ በመኪና ወደ አዲስ አበባ ያመላለሰ፣ ወይም እዚያ ወንድም ወይ አጎት ያለው ካለ፣ በሁዳዴ ጠዋት ስንት ጀልባ ሲወጣ እንዳየ፣ ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሳምንቶችስ ስንቱ ታስሮ እንደሚውል ይንገራት። ኪሊማኒም ላቪንግተንም ብትሆኑ እሷው ትመጣለች፤ ስልክ ብቻ ምቱላት። እንድታዝኑላት አይደለም። ያላያችሁትንም ለእሷ ብላችሁ አትገምቱ፤ ያያችሁትን ብቻ፣ በየትኛው ዳርቻና በየትኛው ወር እንደነበር ጨምራችሁ፣ መስከረም ሳይገባ ንገሯት።